በቡሬ ገጠር ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ማን እንደሆንሁ ልናገር፤ ሳያውቁኝ የሚያነቡ ይኖራሉ። ተሻገር እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስሜን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ፍርድ ቤት ደጅ ደርሶ አያውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት እህል ገበያ ጆንያ ስሸከም፣ ጆንያው ላይ ከታተመው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያስተምረኝ ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብሁት፤ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ጸጉሬ ሸበተ። ዛሬ ዲግሪ የያዙ ጠበቆች ቀስ ብለው መጥተው «ጋሼ፣ ይቺን ነገር እንዴት ብናደርጋት ይሻላል?» ይሉኛል።

ከማመልከቻ ጸሐፊነቴ ይልቅ ግን የምታወቀው በሽምግልናዬ ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና ወንድም፣ ድንበር የተጋፋ ገበሬ፣ ስንቱን አስታርቄአለሁ። እኔ የተቀመጥሁበት ዕርቅ ፈርሶ አያውቅም። ይህ ጉራ የሚመስለው ካለ ማርቆስ መጥቶ ይጠይቅ።

ስለዚህ የፍኖተ ሰላም ሽማግሌዎች ስልክ ሲደውሉልኝ አልገረመኝም። የገረመኝ መዘግየታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቡሬ ወደ ቆላው ዘልቆ ባለ አንድ ቀበሌ ይበልጣል የሚባል ሊቀመንበር ነበር። በግጭቱ ጊዜ አንድ ማታ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ማደሪያ አሳየን አሉት። እሱም እመት የሻረግ ወደሚባሉ ባልቴት ቤት መራቸው። ሲነጋ ባላጋራዎቻቸው ደረሱ፤ ተኩስ ሆነ፤ ቤቱ ተቃጠለ፤ የሴትዮዋ ልጅ ደሳለኝ በመካከል ሞተ። ይበልጣል በዚያው ጠዋት የቀበሌውን ማኅተም በኪሱ እንደያዘ ሸሽቶ ፍኖተ ሰላም ገባ። ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ወንፈል አይጠራቸውም። ወንፈል የማይጠራ ቤት ደግሞ አጫጁም ወቂውም ራሱ ነው፤ ያልደረሰበትን ዝንጀሮ ይበላዋል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም እንደተቆለፈ ነው፤ መታወቂያ የሚሰጥ የለም፣ የመሬት ኪራይ ውል የሚያጸድቅ የለም። ሕዝቡን ሌላ ሊቀመንበር ምረጡ ቢሉት፣ የዚህ ደም ሳይደርቅ በዚያ ወንበር ማን ይቀመጣል እያለ ተበተነ። እመት የሻረግን የአካባቢው ሽማግሌ ደጋግሞ ለምኗቸው እንቢ ብለዋል። በመጨረሻ ለማናቸውም ዘመድ ያልሆነ፣ ነገር የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ተባለ። ያ ሰው እኔ ነበርሁ።

ሰኞ

ከማርቆስ የተነሣነው ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ ሳለ ሾፌሩ አልንቀሳቀስ አለ። መንገዱ ክፍት ነው፣ የለም ዝግ ነው የሚል ወሬ ከመናኸሪያው በር እስከ አውቶቡሱ ወንበር ይመላለሳል። ሾፌሩ ደምበጫ ያለ ባልደረባው ስልክ እስኪደውልለት ጠበቀ። ድሮ ዝናብ ነበር መንገድ የሚዘጋው፤ ማየት ይቻል ነበር።

እንደ ሄድን በየፍተሻው ውረዱ፣ ተሰለፉ፣ በእግር እለፉ፣ ተሳፈሩ ነው። ጉልበቴ በእያንዳንዱ ደረጃ ይጮኻል። አንዱ ጋ ፈታሹ መታወቂያዬን አይቶ ለምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። ለዕርቅ ነው አልሁት። ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«አባባ፣ ሲመለሱ እኛንም ያስታርቁን» አለና መታወቂያዬን መለሰልኝ።

ፍኖተ ሰላም ከማርቆስ ይሞቃል። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ጋቢ ይደረባል፤ እዚያ ኮቴን በክንዴ አንጠልጥዬ እንኳ ላቤ ይወርዳል። ማንጎና ሸንኮራው በየመንገዱ ዳር ነው። ያሳረፉኝ ቤት አልጋው አጭር ስለሆነ እግሬን በሰያፍ አደረግሁት፤ ትንኙ ደግሞ ማርቆስ ውስጥ የማላውቀው ዓይነት ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። የቤቱ እመቤት ማለዳ ክንዴን አይታ አዝና ቅባት አምጥታ ቀባችኝ። ገንዘብ ልስጥሽ ብላት ተቆጣችኝ።

ሰኞውኑ ግን፣ ሳይመሽ፣ ይበልጣልን ክፍሉ ሄጄ አየሁት። መልከ መልካም ሰው ነው፤ ግን ትከሻው ወርዷል። ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ማጭድ ተሰቅሏል። ከተማ ውስጥ ማጭድ ምን ያደርግልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ አዝመራ በደረሰ ቁጥር እንደሚስለው ነገረኝ። ማኅተሙን ስጠኝና እኔ ላድርሰው አልሁት፤ ሌላው ነገር ቢከሽፍ ቢያንስ ቀበሌው ይከፈታል ብዬ ነው።

«አይሆንም ጋሼ» አለ። «ማኅተሙ ሄዶ እኔ ከቀረሁ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይፈልገኝም።»

ብዙ ተከራካሪ አይቻለሁ፤ እንደዚህ እቅጩን የተናገረኝ ጥቂት ነው።

ማክሰኞ

በሚኒባስ ወደ ቡሬ ሄድን። አብረውኝ ያሉት ሽማግሌ መምሬ አያናው ናቸው፤ የአንድ ገጠር ደብር ቄስ፣ ንግግራቸው ጥቂት ነው። ይበልጣል ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ከኋላ ተቀመጠ። ነገሩ እስኪያልቅ ቡሬ ሆኖ ሊጠብቅ ነው የመጣው። መምሬን ስለ ሕግ ስለ ሽምግልና ሳጫውታቸው ሄድሁ፤ ማንኩሳን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቡሬ ያረፍነው ሦስተኛው ሽማግሌ ሐጂ እንድሪስ ቤት ነው። ሐጂ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ግቢው ሁሉ በርበሬ ተሰጥቶበት ቀይ ነው፤ ከበር ጀምሮ እስከ መኝታዬ አነጠስሁ። ማርቆስ በርበሬ በኪሎ ነው የምናየው፤ እዚያ ሰው ሲራመድ ይጠነቀቃል። ክርስቲያን እንግዳ እንደሚመጣ አስበው ክርስቲያን ጎረቤታቸው ዶሮ እንዲያርድ፣ ሚስቱ እንድትሠራ አድርገው፣ ከነድስቱ ከአጥር ማዶ አስመጡልን። እሳቸው በሌላ ትሪ የራሳቸውን እየበሉ አጠገባችን ተቀመጡ። ቤታቸው የክርስቲያን እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነው አሉኝ፤ ጎረቤትየውም የሐጂ እንግዳ ሲመጣ ዶሮዬን ልደብቅ እያለ ይቀልዳል። እኔ ማርቆስ ብዙ ትልቅ ሰው ቤት በልቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ተጨንቀውልኝ አያውቁም።

«ጋሽ ተሻገር፣ ጠቀም አድርገው ይብሉ» አሉኝ ሐጂ። «ነገ ለእናንተ ጾም ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ እመት የሻረግ እሺ እስኪሉ እህል የለም።»

ሥርዓቱን ለማያውቅ ላስረዳ። የተበደለን ሰው ሊለምን የሄደ ሽማግሌ፣ ተበዳዩ እሺ እስኪል በደጁ እህል ውኃ አይቀምስም። ርቦት ይቀመጣል፤ ርሃቡም አብሮት ይለምናል። ቀመሰ ማለት ልመናው አበቃ ማለት ነው፤ ወንበሩንም ያጣል። ረሃብን ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም፣ አይጨነቁ አልኋቸው።

ረቡዕ

ባጃጁ ጠጠሩ እስከሚያልቅበት ወሰደንና ቆመ። «ፋዘር፣ ከዚህ በላይ ጎማዬን ነው የምትበሉት» አለኝ ነጂው። በእግር ቀጠልን። መምሬና ሐጂ ፈጣኖች ናቸው፤ እኔ በጉልበቴ ምክንያት ወደ ኋላ ቀረሁ። አንድ መገንጠያ ላይ እነሱ የቀኙን ይዘው ሲሄዱ የግራው እንደሚያቋርጥ ለእኔ ግልጽ ነበር። መንገድ በፀሐይ አቅጣጫ ነው የማውቀው። እናንተ ሂዱ፣ እዚያ እጠብቃችኋለሁ አልኋቸው።

ፀሐይዋ ግን ወዲያው በደመና ተሸፈነች። የጥቅምት ዝናብ ነው፤ አዝመራ ሊያበላሽ የሚመጣ። በቆሎው ከራሴ በላይ ነው፤ ቅጠሉ ፊት ይቆርጣል፤ ጭቃው ጫማዬን አንድ ጊዜ አስቀርቶብኝ በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ከማክሰኞ ዶሮ ወዲህ ምንም አልቀመስሁም። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ጉልበቴ ከድቶኝ፣ ከበቆሎው ስወጣ አንዲት ትንሽ ጎጆ አየሁ። አጠገቧ የተቃጠለ ቤት ምሰሶ ጠቁሮ ቆሟል። በዚያ መንገድ ብዙ የተቃጠለ ቤት ስላየሁ ልብ አላልሁትም።

አንዲት ባልቴት ከደጅ ቆመው ነበር። ማን ነህ፣ ከየት ነህ አላሉኝም። «ይግቡ፤ ይበርድዎታል» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ጫማዬን አወለቁልኝ፤ እግሬን በሞቀ ውኃ አጠቡኝ። እኔ የሰው እጅ እግሬን ካጠበው ስንት ዘመኑ ነው። ቀጥሎ የበቆሎ ቂጣ በስልጆ አቀረቡ፤ የዳጉሳ ጠላ ቀዱ። በላሁ። ማርቆስ የስንዴ እንጂ የበቆሎ ቂጣ አልወድም፤ ያንን ግን ደገምሁ።

እየበላሁ ማን እንደሆንሁ፣ እንዴት ራሴን እንዳስተማርሁ አጫወትኋቸው። እሳቸው በቆሎ እየፈለፈሉ ያዳምጣሉ። ቆይተው ስለ ጠቆረው ምሰሶ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ልጅ እንደነበራቸው፣ በተኩስ መሞቱን፣ ያንን ቀን ተኩሱ ከጋራው ሳይቆም ጎረቤት ተሯሩጦ እንደቀበረላቸው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም መጥቶ አልቅሶላቸዋል። ከሩቅ አገር ሳይቀር መጥተዋል።

«አንድ ሰው ብቻ ቀረ» አሉ። «ቤቴን ማቃጠሉን ጥይቱ ያውቃል። ልጄን መግደሉን የተኮሰው ያውቃል። ለቅሶዬን አለመድረሱ ግን የራሱ ነው። ከእኔ ቤት እሳት ሲጭር ያደገ ሰው።»

ስሙን ጠየቅሁ። ይበልጣል አሉኝ። ማኘክ አቆምሁ።

በዚህ መካከል ውሻ ጮኸ፤ ሐጂና መምሬ ከነዣንጥላቸው ሊፈልጉኝ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። መምሬ ፊቴ ያለውን ሰፌድ አዩና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ሐጂ ፊታቸውን ወደ በቆሎው መለሱ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አላወቅሁም።

«በሉ?» አሉ መምሬ።

«በላሁ።»

እመት የሻረግ አንዴ እኔን አንዴ እነሱን አዩ። «ለካ ከሽማግሌዎቹ ነዎት» አሉኝ። ነኝ አልሁ። የፈለፈሉትን በቆሎ ከእቅፋቸው አራግፈው ተነሡና የቀረውን ቂጣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ይጨርሱት እንግዲህ። ምን በድዬዎት ነው ግማሹን ትተውብኝ የሚሄዱት?»

ጨረስሁት። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለ አንድ ደግ ገበሬ ቤት ቁርበት ተነጥፎልን አደርን። እነሱ ባዶ ሆዳቸውን፣ እኔ ጠግቤ። ከሦስታችን እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ስብሰባው የተደረገው በተቆለፈው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ቁልፉ ላይ ዝገት፣ ከበሩ ራስ ላይ የተርብ ቤት ተንጠልጥሏል። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፤ የይበልጣል ሚስት ከሁሉም ርቃ ከዛፍ ሥር ነበረች። ለሽማግሌዎች አግዳሚ ወንበር ወጥቷል። ሐጂ የትናንቱን ነገር ዝም እንበለው ብለው ነበር፤ መምሬ መስቀል ይዤ አልዋሽም አሉና ለሕዝቡ ተናገሩ። ጉምጉምታ ሆነ። ከኋላ አንድ ገበሬ «ከማርቆስ ድረስ ለቂጣ ነው የመጡት?» አለና ሳቁብኝ።

እመት የሻረግ እጃቸውን አነሡ። «እሳቸው ከእኔ ጋር ይቀመጡ፤ እንግዳዬ ናቸው» አሉ።

ከወንበሩ ተነሥቼ ከሴቶቹ ጋር መሬት ተቀመጥሁ። በሽምግልና ዘመኔ ሁሉ ሽማግሌ ከሚቀመጥበት ሌላ ተቀምጬ አላውቅም። ጉልበቴን ማጠፍ እንኳ ቸገረኝ፤ አጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዋን አጥፋ ከሥሬ አደረገችልኝ።

መምሬ መስቀላቸውን ዘርግተው ስለ ክርስቶስ ለመኑ። ሐጂ ስለ አላህ፣ ስለ ጉርብትና ለመኑ። እመት የሻረግ ፀሐይ እስክትዞር አዳመጡ። ከዚያ ተናገሩ። ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ሳይበላ ውሎ ሳይበላ እንደሚሄድ፣ ጎረቤትም የሻረግ ሽማግሌ አስርባ ሰደደች እያለ እንደሚያማቸው አስረዱ። «ልጄ የሞተብኝ እኔ» አሉ። «የምወቀሰውም እኔ። አሁንስ ደከመኝ።»

ድካማቸውን አወቅሁት። እኔም ከሰኞ ጀምሮ የተሸከምሁት ያንኑ ድካም ነበር። ተነሣሁ። ወንበር ስለሌለኝ መለመን አልችልም፤ እንግዳቸው ስለሆንሁ ግን ስለ እሳቸው መናገር እችላለሁ። ይህን ልዩነት በዚያ ሣር ላይ ከእኔ በቀር ያስተዋለ አልነበረም። እመት የሻረግ ካሣ እንዳልጠየቁ፣ ደም እንዳልጠየቁ፣ እንዲያውም ምን ይፈልጋሉ ብሎ የጠየቃቸው እንደሌለ ተናገርሁ። ሁላችንም ይቅር በሉ ስንል ነው የኖርነው።

«ሰውየው ለቅሶ አልደረሰም» አልሁ። «ይቅር በሉት ከማለታችሁ በፊት መጥቶ ያልቅስላቸው።»

ያው ገበሬ መቃብሩ ሣር አብቅሏል፣ አሁን ማን ያለቅሳል አለ። ከሩቅ አገር የሚመለስ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሳያወርድ በመጀመሪያ የሚሄደው ለቅሶ ቤት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ወደ እመት የሻረግ ዞርሁና ይምጣ ወይ አልኋቸው። የተርቡ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ለቅሶ የሚመጣን ሰው ከደጄ አልመልስም» አሉ። «ሌላውን አላውቅም።»

ሐጂ ኔትዎርክ ፍለጋ ጋራው ላይ ወጥተው ቡሬ ደወሉ።

ዓርብ

ይበልጣል ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ መጣ። ለቅሶውን የጀመረው ከበቆሎው ጫፍ ነው፤ «ወንድሜን፣ ደሳለኝን» እያለ። መንገዱ በራሱ ቤት ደጅ ያልፋል። ሚስቱ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ዞሮ አላያትም፤ ለቅሶ ይቀድማልና። እሷም ሳትጠራው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከኋላው ተከተለች። ልጆቻቸው ከአጥሩ ሥር ቆመው አዩ።

እመት የሻረግ ከጎጇቸው ወጥተው ልክ ልጃቸው በዚያ ቀን እንደሞተ ሆነው አለቀሱ። መንደሩ ሁሉ አለቀሰ። እኔ በቀላሉ የማለቅስ ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ቀን አለቀስሁ።

ከዚያ ተቀመጡ። እመት የሻረግ ንፍሮ አምጥተው ለሁሉም በእጃቸው አደሉ። ይበልጣል ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማደሪያ ሲሉህ ወደ እኔ ቤት የመራሃቸው ለምንድን ነው?»

ይበልጣል ቀና አላለም። «ቤትዎ ሰፊ ነበር» አለ። «መሣሪያው ፊቴ ነበር፤ ሌላ አላሰብሁም።»

እመት የሻረግ ወደ ጠቆረው ምሰሶ ተመለከቱ። «አዎ» አሉ። «ሰፊ ነበር።» ንፍሮውን መዳፉ ላይ አደረጉለት። በላ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። ይበልጣል ማኅተሙን ጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ አስቀመጠ፤ ወደ ወንበሩ እንደማይመለስ ተናገረ። ሕዝቡ እስከ ምርጫው የሚጠብቁ ሰዎች መረጠ፤ ትናንት የሳቀብኝ ገበሬ አንዱ ነው። በሩን እንድከፍት ክብሩን ለእኔ ሰጡኝ። ስገፋው የተርቡ ቤት ወደቀ፤ አንዱ የዓይኔን ቆብ ነደፈኝ። እመት የሻረግ ሮጠው ነጭ ሽንኩርት ፈጭተው ቀቡኝ፤ ተርቡ ከነደፈኝ በላይ አቃጠለኝ።

ሰው ሲበተን አንዲት ሴት በይበልጣል ሚስት አጠገብ ስታልፍ ሳትቆም «ሰኞ የእኛ በቆሎ ነው» ስትላት ሰማሁ። የወንፈል ጥሪ ነበር። ሚስትየዋ እሺታዋን በራሷ ነቀነቀች።

ቅዳሜ

አንድ ዓይኔ ተጨፍኖ፣ ሐጂ የሰጡኝን የበርበሬ ከረጢት አቅፌ ተመለስሁ። ያው ውረዱ፣ ተሰለፉ፣ እለፉ ነው። ያ ወጣት ፈታሽ እዚያው ነበር፤ ዓይኔን አይቶ አስታራቂውን ማን መታው አለኝ። ተርብ ነው አልሁት። ማርቆስ ስገባ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ጋቢዬን ደረብሁ። እስካሁን እንደ ደከመኝ ነው።

በዚህ ጉዞ ያደረግሁትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው ሲያወራው ያሳንሰዋል።

በዚህ ጉልበቴ ከማርቆስ የቡሬ ቆላ ድረስ ደርሼ ተመለስሁ።

ሌሎች ሽማግሌዎች ለምነው ያቃታቸውን ነገር ሳልለምን አስጨረስሁ።

ተቆልፎ የኖረ ጽሕፈት ቤት በእጄ ከፈትሁ፤ ምስክሬ ዓይኔ ነው።

ማኅተሙ ለሕዝቡ፣ ይበልጣል ለቤቱ ገባ። ማጭዱንም ከፍኖተ ሰላም አስመጥቷል።

አስታረቅሁ ግን አልልም። እመት የሻረግ ይቅር አላሉም፤ እኔም በሉ አላልኋቸውም።

ወደዚያ ደጅ ከሄዱት ሽማግሌዎች ሁሉ፣ ከንፍሮው በፊት እህላቸውን የቀመስሁላቸው እኔ ብቻ ነኝ። ቂጣውንም ጨርሻለሁ።